የሁለት ጎረቤታሞች የወረቀት ሂሳብ

የኬንያ ሕዝብ ቁጥር የኢትዮጵያን ግማሽ አይሞላም። በ2023 ኬንያ ወደ 55 ሚሊዮን፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከ125 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራቸው። ለውጭ ወረቀትና ካርቶን በምታወጣው ገንዘብ ግን ኬንያ ትበልጣለች። የሁለቱን አገሮች የገቢ ንግድ መዝገብ ጎን ለጎን የዘረጋ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ልዩነት ነው፤ መጀመሪያ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። አንዱ «ኬንያ ይበልጥ ታነባለች፣ ይበልጥ ትነግዳለች» ይላል። ሌላው «ኢትዮጵያ ምንዛሪዋን ቆጥባለች» ይላል። ሦስተኛው «ኬንያ ፋብሪካዋን ዘግታ የሰው እጅ ጠባቂ ሆነች» ይላል። ሦስቱም የሚጠቅሱት ያንኑ አንድ ቁጥር ነው።

ይህ ዳሰሳ ቁጥሩ በዓመታት ውስጥ ከፍና ዝቅ እንዲል ያደረጉትን ነገሮች አንድ በአንድ ይመለከታል። እነሱም የፋብሪካዎች መከፈትና መዘጋት፣ የዶላር ወረፋ፣ የዓለም ዋጋ፣ የማሸጊያ ልማድና የጉምሩክ አመዳደብ ናቸው። በሁሉም መሐል አንድ ሐሳብ ይዘልቃል፦ የወረቀት ገቢ ዋጋ መጨመር በራሱ ውድቀት አይደለም፤ መቀነሱም በራሱ ድል አይደለም። እንዲያውም በኢትዮጵያ በግራፍ ላይ ዝቅ ብሎ የሚታየው የወረቀት ገቢ መስመር ብዙ ጊዜ የጉድለት ምልክት ነው። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምኑ ተቆጠረ?

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የደን ውጤቶችን ምርትና ንግድ ከ1961 ጀምሮ በዓመት በዓመት ያጠናቅራል። ወረቀትና ካርቶን እዚያ በቶንም በዶላርም ይገኛል። ጉምሩክ ደግሞ ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ የዕቃዎች አመዳደብ ይመራል። በዚህ አመዳደብ ፐልፕ (ከእንጨትና ከመሰል ነገር የሚዘጋጅ የወረቀት ጥሬ ዕቃ) እና ውዳቂ ወረቀት ምዕራፍ 47፣ ወረቀትና ካርቶን ከነውጤቶቻቸው ምዕራፍ 48፣ መጽሐፍ፣ ጋዜጣና ሌላ የታተመ ነገር ምዕራፍ 49 ናቸው።

ሁለቱ ምንጮች አንድ ዓይነት ድምር አይሰጡም። ፋኦ «ወረቀትና ካርቶን» የሚለው በዋናነት ከወረቀት ፋብሪካ የወጣውን ጥቅልና ዝርግ ወረቀት ነው። ተቆርጦ፣ ተጣጥፎና ተለጥፎ ዕቃ የሆነውን ለብቻ ይይዘዋል። የጉምሩኩ ምዕራፍ 48 ግን ደብተሩንም፣ የካርቶን ሳጥኑንም፣ ፖስታውንም፣ ሶፍቱንም ይጨምራል። አንድ የደብተር አምራች ጥቅል ወረቀት አስገብቶ ደብተር ቢሠራ ሁለቱም መዝገቦች ያዩታል። ነጋዴ ያለቀለት ደብተር ቢያስገባ ግን ከፋኦ ድምር ውጭ ይሆናል። ስለዚህ የአንዱን አገር ቁጥር ከአንዱ ምንጭ፣ የሌላውን ከሌላው ወስዶ ማወዳደር ከጅምሩ የተበላሸ ሥራ ነው።

አመዳደቡ ራሱም ባለበት አይቆምም። እስከ 2011 ድረስ ከወረቀት የተሠሩ የሕፃናት ዳይፐርና የንጽህና መጠበቂያ ፓዶች ምዕራፍ 48 ውስጥ ነበሩ። በ2012ቱ ማሻሻያ ዕቃዎቹ ከምን እንደተሠሩ ሳይታይ ሁሉም ወደ ምዕራፍ 96 ተዛወሩ። አገሮች አዲሱን ዝርዝር በተለያየ ጊዜ ስለሚቀበሉ በዚያ አካባቢ የሚታይ ድንገተኛ መውረድ የገበያ ላይሆን ይችላል። ዳይፐሩ በመርከብ እየመጣ፣ በሱቅ እየተሸጠ፣ በመዝገብ ላይ ግን ቤት ቀይሯል።

ከዚህ የሚከብደው የምዕራፍ 49 ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ባንክ መሪነት በተደገፈው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የመማሪያ መጻሕፍትን ገዝታለች። ግዢው በዓለም አቀፍ ጨረታ ስለነበር ብዙው በውጭ አገር፣ በተለይም በህንድ ማተሚያ ቤቶች ታትሞ ገባ። ኬንያም በ2017 የምርጫ ድምፅ መስጫ ወረቀቷን በዱባይ፣ በ2022 ደግሞ በግሪክ አሳትማለች። ይህ ሁሉ ወረቀት ነው፤ በወረቀት መስመር ላይ ግን አይታይም። አንድ መንግሥት መጽሐፉን በአገር ውስጥ ላሳትም ብሎ ቢወስን የወረቀት ገቢው ይጨምራል፣ የመጽሐፍ ገቢው ይቀንሳል። መስመሩን ብቻ የያዘ ተመልካች ጥገኝነት እንደጨመረ ይጽፋል፤ በእውነቱ ግን የሕትመቱ ሥራና ደመወዙ ወደ አገር ቤት ገብቷል።

በኢትዮጵያ በኩል ሁለት ተጨማሪ ስንጥቆች አሉ። እስከ 1992 ያለው የፋኦ መዝገብ ኤርትራን ጨምሮ የያዘው የቀድሞዋ ኢትዮጵያ ነው፤ ከ1993 ጀምሮ ያለው ኤርትራ የሌለችበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለ ቅናሽ የድንበር ለውጥንም ይዟል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሚሄድ መንግሥት በዓመታዊ ሪፖርቱ የሚያወጣው የገቢ ንግድ ቁጥር የሁለት የአውሮፓውያን ዓመታት እኩሌታ ነው። ኬንያ ደግሞ የንግድ ስታቲስቲክሷን ከጥር እስከ ታኅሣሥ ባለው ዓመት ታወጣለች። ዋጋ በስድስት ወር ውስጥ በሚዘልበት ገበያ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ወንጂና ወቡዬ

የሁለቱን መስመሮች ቅርጽ ለመረዳት ከሁለት ከተሞች መነሣት ይሻላል። ወንጂ ከአዳማ አጠገብ በሆላንዳዊው ኩባንያ በኤችቪኤ ተቋቁሞ በ1954 ሥራ በጀመረው የስኳር ፋብሪካ ይታወቃል። የኢትዮጵያ ፐልፕና ወረቀት ፋብሪካም የተተከለው እዚያው ነው። ስሙ «ፐልፕ» ይበል እንጂ የኖረው ከውጭ በሚገባ ፐልፕና ከአገር ውስጥ በሚሰበሰብ ውዳቂ ወረቀት ነው። አቅሙም በዓመት ወደ 10,000 ቶን ገደማ ነው።

ወቡዬ በምዕራብ ኬንያ፣ በንዞያ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ፓን አፍሪካን ፔፐር ሚልስ፣ ኬንያውያን በአጭሩ «ፓን ፔፐር» የሚሉት፣ በኬንያ መንግሥት፣ በህንዱ የቢርላ ቡድንና በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ሽርክና ተቋቁሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ ማምረት ጀመረ። ከአካባቢው የተተከለ ጥድ ራሱ ፐልፕ ያወጣ ነበር። በደህናው ዘመኑ አቅሙ በዓመት ከ100,000 ቶን በላይ ደርሷል፤ ማለትም ከወንጂው ከአሥር እጥፍ በላይ። የመጻፊያ፣ የጋዜጣና የመጠቅለያ ወረቀት ያመርት ስለነበር በእነዚያ ዓመታት የኬንያ ገቢ ዝቅ ማለቱ የሚገርም አይደለም። ዝቅ ያለው መስመር ጀርባ የሚሠራ ፋብሪካ ነበር።

ፋብሪካው የኤሌክትሪክ ዕዳና ሌላው ዕዳ ተደራርቦበት በ2009 ቆመ። በመንግሥት ገንዘብ ለማስነሣት ተሞክሮ አልጸናም። በ2016 በ900 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ለራይ ቡድን ተሸጠና ስሙም ተቀየረ። ለኬንያ መስመር ትልቁ መታጠፊያ የ2009ኙ መቆም ነው። አገር ውስጥ ይወጣ የነበረው ክራፍት (ጠንካራው የመጠቅለያ ወረቀት) እና የመጻፊያ ወረቀት በመርከብ በሚመጣ ተተካ።

ይህም ሆኖ ከ2009 በኋላ ያለውን ጭማሪ በሙሉ ለፓን ፔፐር መዘጋት መስጠት ልክ አይሆንም። በዚያው ዓመት የዓለም የወረቀትና የፐልፕ ዋጋ በገንዘብ ቀውሱ ምክንያት ወርዶ ነበር፤ ስለዚህ ኬንያ ብዙ ቶን ገዝታ ጥቂት ዶላር ልትከፍል ትችል ነበር። ቀጥሎ ባሉት ዓመታት ዋጋ ሲያንሠራራ ዶላሩ ከቶኑ ፈጥኖ ይወጣል። የመዘጋቱን ውጤት የፈለገ ሰው ማየት ያለበት ቶኑን ነው፤ ዶላሩ ሁለት ታሪኮችን በአንድ ቁጥር ቀላቅሎ ያቀርባል።

የኢትዮጵያ መዝገብ ደግሞ ሌላ ነገር ይሸፍናል። ወንጂ ከውጭ ያስገባው ፐልፕ የሚመዘገበው በምዕራፍ 47 ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ገላንን በመሳሰሉ የአዲስ አበባ ዙሪያ የኢንዱስትሪ አካባቢዎች የተከፈቱ ፋብሪካዎች በውዳቂ ወረቀት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። እነዚህ የወረቀት ገቢን በእርግጥ ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን መለዋወጫው፣ ኬሚካሉና ፐልፑ ከውጭ ነው። «ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር አዳንን» የሚለው ዜና ከተተካው ወረቀት ዋጋ ላይ ለጥሬ ዕቃው የወጣውን ካልቀነሰ በግማሹ ብቻ እውነት ነው።

ወረፋው

ኬንያ የምንዛሪ ቁጥጥሯን በ1990ዎቹ መጀመሪያ አላልታ በ1995 ሕጉን ራሱን ሻረች። ከዚያ ወዲህ ናይሮቢ ያለ ወረቀት አስመጪ ዋናው ጭንቀቱ የዶላር ዋጋ ነው። በ2023 ዶላር አጥሮ ሽልንጉ በ2024 መጀመሪያ ለአንድ ዶላር ወደ 160 ሲወድቅ እንኳ ጭንቀቱ «በስንት አገኛለሁ?» የሚል ነበር።

አዲስ አበባ ያለው አስመጪ ጥያቄ ለዐሥርተ ዓመታት «መቼ አገኛለሁ?» ነበር። በዚያ ሥርዓት ነጋዴው ከህንድ ወይም ከኢንዶኔዥያ አቅራቢ የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) ያስመጣል። ፕሮፎርማውን ይዞ ባንክ ይመዘገባል። ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር፤ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ነበሩ። ተራው ሲደርስ ፕሮፎርማው ላይ ያለው ዋጋ ጊዜው አልፎበታል፤ አቅራቢው አዲስ ዋጋ ይልካል። የተፈቀደው ዶላር ለአዲሱ ዋጋ ስለማይበቃ ኮንቴይነሩ ይቀነሳል። የባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ (ኤልሲ) ተከፍቶ፣ መርከቡ ጅቡቲ ደርሶ፣ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲራገፍ የትምህርት ቤት መክፈቻ አልፏል። ደብተር የሚሸጥበት መስከረም በኅዳር በደረሰ ወረቀት አይካካስም።

ይህን አካሄድ የተከተለ ገቢ የፍላጎት መለኪያ ሊሆን አይችልም። የሚለካው ባንኮች ለወረቀት የመደቡትን ዶላር ነው። በኢትዮጵያ የወረቀት ገቢ የሚቀንስባቸው ዓመታት ማተሚያ ቤቶች ዋጋ የሚጨምሩባቸው፣ ጋዜጦች ገጽ የሚቀንሱባቸው፣ አሳታሚዎች መጽሐፍ የሚያዘገዩባቸው ዓመታት ሆነው መገኘታቸው ከዚህ የመጣ ነው። የውጭ ምንዛሪ ወጪ በቀነሰበት ዓመት የፎቶ ኮፒ ወረቀት ደስጣ በመርካቶ ይወደዳል።

የምንዛሪ ተመኑም በብር የተሠራ መስመርን ያጣምማል። ብር ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1992 ድረስ ለአንድ ዶላር 2.07 ሆኖ ቆየ፤ በጥቅምት 1992 ወደ 5 ብር ወረደ። በ2010 እና በ2017 እንደገና በአንድ ጊዜ ዝቅ ተደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የ2016 እና የ2017 ዓ.ም. የወረቀት ገቢን በብር የሚያወዳድር ሰው አንድ ኪሎ ወረቀት ሳይጨመር ገቢው እጥፍ የሆነ ሊመስለው ይችላል።

በሁለት ተመኖች ዘመን ሌላም ችግር ነበር። በባንክ ዋጋና በጥቁር ገበያ ዋጋ መካከል ሰፊ ልዩነት ሲኖር አስመጪ የዕቃውን ዋጋ አሳንሶ የሚያስመዘግብበት ምክንያት አለው፦ ቀረጡ ይቀንስለታል፣ ቀሪውን በውጭ ባገኘው ዶላር ይከፍላል። አጋንኖ የሚያስመዘግብበትም ምክንያት አለው፦ በርካሽ ተመን ያገኘውን ዶላር ወደ ውጭ ያሸሻል። ይህንን ለመመርመር ባለሙያዎች የላኪውን አገር መዝገብ ከተቀባዩ ጋር ያስተያያሉ። ላኪው ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጫን ባለው ዋጋ፣ ተቀባዩ ደግሞ የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ ጨምሮ ስለሚመዘግብ የተቀባዩ ቁጥር መጠነኛ ብልጫ ሊኖረው ይገባል። ተቀባዩ ከላኪው በታች ከሆነ ወይም በጣም ከበለጠ ነገሩ መጣራት ይገባዋል።

ዋጋው ሲዘል

ሁለቱ አገሮች በፖሊሲ ቢለያዩም ከአንድ የዓለም ገበያ ነው የሚገዙት። በ1995 የረጅም ጭረት ፐልፕ ዋጋ በቶን ወደ 1,000 ዶላር ተጠግቶ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ወደ ግማሹ ገደማ ወረደ። ያንን ዓመት መነሻ ወይም መድረሻ አድርጎ ዕድገት ያሰላ ሰው የፈለገውን ያህል ዕድገት ወይም ውድቀት ማውጣት ይችላል።

ቅርብ ጊዜ የታየው ደግሞ የ2021 እና የ2022 ንረት ነው። በመስከረም 2021 በዋና ዋና የመርከብ መስመሮች የአንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር አማካይ ኪራይ ከ10,000 ዶላር አልፎ ነበር። ወረቀት ከዋጋው አንጻር ከባድና ቦታ የሚይዝ ዕቃ ስለሆነ የኪራይ መናር ከኤሌክትሮኒክስ ይልቅ ወረቀትን ይጎዳል። ቀጥሎ በፊንላንድ የወረቀት አምራቹ የዩፒኤም ፋብሪካዎች ሠራተኞች ከጥር እስከ ሚያዝያ 2022 ለ112 ቀናት የሥራ ማቆም አድማ መቱ። የዩክሬን ጦርነትም የኃይል ዋጋን ሰቀለ። ገና ገበያው ሳይረጋ ከኅዳር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች መጠቃት ጀመሩ፤ ይህ የጅቡቲም የሞምባሳም መንገድ ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሂሳቡ እንዴት እንደሚያታልል በምሳሌ ማየት ይቻላል። የአንድ ቶን ዋጋ በ30 በመቶ ጨመረ እንበል፤ አገሩም አቅም አጥሮት በ20 በመቶ ያነሰ ቶን ገዛ። 1.3 በ0.8 ሲባዛ 1.04 ይሆናል። በመዝገብ ላይ የወረቀት ገቢ በ4 በመቶ አድጓል፤ መጋዘን ውስጥ ግን ከአምስት ጥቅል አንዱ የለም። «ዕድገት» የተባለው ቁጥርና በትምህርት ቤት የጠፋው ደብተር አንድ ላይ የሚኖሩት እንዲህ ነው።

ጋዜጣው ወርዶ ካርቶኑ ሲወጣ

መስመሩ ውስጥ ያለው ወረቀትም ያው አይደለም። በ1960ዎቹ ወረቀት ማለት ጋዜጣ፣ ደብተርና የመሥሪያ ቤት ፋይል ነበር። በኢትዮጵያ ራስ ተፈሪ በ1914 ዓ.ም. ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ዋነኛው ወረቀት ተጠቃሚ ሆኖ ለዐሥርተ ዓመታት ዘለቀ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የመማሪያ ጽሑፍ ጠየቀ። በ1992 የፕሬስ ሕግ ሲወጣ የግል ጋዜጦች ፈሉ፤ ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ ብዙዎቹ ተዘጉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 3 ሚሊዮን የማይሞላ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር ከ2015 በኋላ ወደ 20 ሚሊዮን ደረሰ። ኬንያም በጥር 2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በነፃ ስታደርግ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ ልጆች ክፍል ገቡ።

ከዚያ ወዲህ በዓለም ደረጃ የጋዜጣ ወረቀት ምርት በ2000 አካባቢ ከነበረው ከግማሽ በታች ወርዷል። ዛሬ ከሚመረተው ወረቀት የሚበልጠው ማሸጊያ ነው። የሁለቱ ጎረቤታሞች ልዩነት በግልጽ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው።

የናይሮቢ ቤተሰብ ለኡጋሊ (ለበቆሎ ገንፎ) የሚሆነውን ዱቄት የሚገዛው በአብዛኛው ባለ 2 ኪሎ የወረቀት ፓኬት ነው። የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጤፉን በእህል ገዝቶ፣ አበጥሮ፣ ሰፈር ካለው ወፍጮ ቤት በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ይመለሳል። ሲሚንቶም እንዲሁ ነው። በኬንያ ባለ 50 ኪሎው ሲሚንቶ ለረጅም ዘመን በወረቀት ከረጢት ሲሸጥ ኖሯል፤ በኢትዮጵያ በተሸመነ የፕላስቲክ ከረጢት ይሸጣል። የኬንያው ከረጢት ወይም ክራፍቱ ምዕራፍ 48 ሲገባ የኢትዮጵያው ከጨርቃ ጨርቅ ጋር በምዕራፍ 63 ይመደባል። ሁለቱም አገሮች አንድ ዓይነት ሕንፃ ሠርተዋል፤ የወረቀት መስመሩ ግን አንዱን ብቻ ያውቃል። የኬንያ ብልጫ ከፊሉ የዱቄትና የሲሚንቶ ከረጢት ነው እንጂ የመጽሐፍ አይደለም።

ለውጭ ገበያ የሚላክ ምርትም ወረቀት ይበላል። የኬንያ ሻይ በወረቀት ከረጢት ታሽጎ በሞምባሳ ጨረታ ይሸጣል፤ የሁለቱም አገሮች አበባ በካርቶን ሆኖ ወደ አውሮፓ ይበርራል። ካርቶኑ የተሠራበት ክራፍት ከውጭ የገባ ነው፤ ሲወጣ ግን በአበባና በሻይ ስም ይቆጠራል። ኬንያ በዚህ ላይ ደብተር፣ ሶፍትና ካርቶን ሠርታ ለኡጋንዳና ለሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባላት ትሸጣለች። የማኅበረሰቡ የጉምሩክ ኅብረት ከጥር 2005 ጀምሮ ሥራ ላይ በመሆኑ የናይሮቢ ፋብሪካ ገበያ ከኬንያ ድንበር ያልፋል። ስለዚህ የኬንያን ገቢ ለኬንያ ሕዝብ አካፍሎ «በነፍስ ወከፍ» ማለት ኡጋንዳዊው ልጅ የጻፈበትን ደብተር ለኬንያዊው መቁጠር ነው።

ሕግም ፍላጎትን ያዛውራል። ኬንያ በነሐሴ 2017 የፕላስቲክ መገበያያ ከረጢት ስትከለክል ወረቀት ቦታውን ይወስዳል ተብሎ ነበር። የተወሰነውን ወሰደ፤ ብዙውን ግን ጨርቅ መሳዩ የፖሊፕሮፒሊን ከረጢት ተረከበው። ኢትዮጵያም በ2025 ተመሳሳይ ክልከላ በሕግ አጽድቃለች። የወረቀት ከረጢት የሚሠራ ሁሉ ክራፍት ስለሚያስፈልገው የኢትዮጵያ መስመር በሚቀጥሉት ዓመታት ከፍ ቢል ምክንያቱን እዚህም መፈለግ ይገባል።

በሌላ በኩል ገቢው ዝቅ ማለቱ ንባብ ዝቅ ማለት አይደለም። በአራት ኪሎና በሌሎች የአዲስ አበባ አደባባዮች ጋዜጣ አከራዮች አንዱን ቅጂ በቀን ለብዙ አንባቢ ሲያከራዩ ኖረዋል፤ አንባቢው ጥግ ይዞ ተቀምጦ፣ ጥቂት ብር ከፍሎ፣ አንብቦ ይመልሳል። ያረጀው ጋዜጣ ደግሞ ሱቅ ሄዶ ቆሎና ቅመም ይጠቀለልበታል። የአንድ ቶን የጋዜጣ ወረቀት አገልግሎት በአዲስ አበባና በሌላ ከተማ እኩል አይደለም።

ማን ምን ይላል?

በጉዳዩ ላይ የሚከራከሩት በየፊናቸው እውነት አላቸው። አምራቾች ጥበቃ ይፈልጋሉ። በኬንያ የ2023 የፋይናንስ ሕግ በገቢ ክራፍት ወረቀት ላይ የ10 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ፤ ሐሳቡ የአገር ውስጥ ፋብሪካን ማበረታታት ነበር። ካርቶንና ከረጢት ሠሪዎች ግን ክራፍት ለእነሱ ጥሬ ዕቃ ነው። ለአንዱ ጥበቃ የሆነው ለሌላው ወጪ ነው፤ ወጪው መጨረሻ ላይ በዱቄቱና በአበባው ዋጋ ላይ ያርፋል።

አሳታሚዎችና ማተሚያ ቤቶች ደግሞ የቀረጡን አደራደር ይከሳሉ። በብዙ አገር ያለቀለት መጽሐፍ ያለ ቀረጥ ይገባል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጋራ ታሪፍም መጽሐፍን ከዜሮ ተርታ ያስገባል። ወረቀት፣ ቀለምና የማተሚያ ፕሌት ግን ይቀረጣሉ። በኢትዮጵያ በገቢ ዕቃ ላይ ከጉምሩክ ቀረጥ ሌላ ሱር ታክስ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ቅድመ ግብርና ከ2022 ወዲህ ማኅበራዊ ልማት ቀረጥ ሊደራረቡ ይችላሉ። በእንዲህ ያለ ሥርዓት መጽሐፍን በውጭ ማሳተም ይረክሳል። የወረቀት ገቢ ዋጋ ዝቅ ይላል፤ ማተሚያ ቤቱም ሥራ ይፈታል። ይህ «ምንዛሪ ማዳን» ከተባለ ምንዛሪው በሌላ በር ወጥቷል፤ ያውም ከወረቀቱ ጋር የሕትመቱን ዋጋ ጨምሮ።

ስለ ደን የሚያስቡት በበኩላቸው ፓን ፔፐርን ያስታውሳሉ። በ1999 የኬንያ መንግሥት ከመንግሥት ደን እንጨት መቁረጥን ሲያግድ ፓን ፔፐር ከጥቂት ሌሎች ኩባንያዎች ጋር ከእገዳው ነፃ ተደርጎ ነበር። በየካቲት 2018 የተጣለው እገዳ ደግሞ እስከ 2023 ዘለቀ። ወረቀት ከውጭ ማስገባት የራስን ዛፍ ማትረፍ ነው የሚለው ክርክር ከዚህ ይነሣል። ተተክሎ የሚቆረጥ ደንና የተፈጥሮ ደን ግን አንድ አይደሉም፤ ውዳቂ ወረቀት መልሶ መሥራትም አለ። ቻይና ከጥር 2021 ጀምሮ ውዳቂ ወረቀት ማስገባት ማቆሟ ለሌሎች ገዢዎች ዕድል ከፍቶ ነበር። በናይሮቢም በአዲስ አበባ ዙሪያም ያሉት የሶፍትና የካርቶን ወረቀት ፋብሪካዎች ዋና ጉዳይ ንጹሕ ውዳቂ ወረቀት በበቂ መጠን ማግኘት ነው።

እንግዲህ እንዴት ይነበብ?

ከላይ ከታየው የሚከተለው ውጤት የኬንያና የኢትዮጵያን የወረቀት ገቢ ማወዳደር ከንቱ ነው የሚል አይደለም። ንጽጽሩ ጠቃሚ የሚሆነው ዶላሩ ብቻውን ሳይቆም ሲቀር ነው። በመጀመሪያ ዶላሩ አጠገብ ቶኑ ይቀመጥ፤ አንዱን ለሌላው ሲያካፍሉ የሚገኘው የቶን ዋጋ ዓመቱ የዋጋ ነው ወይስ የመጠን የሚለውን ወዲያው ይለያል። ሁለተኛ ምዕራፍ 47 እና 49 ከምዕራፍ 48 ጋር ይደመሩ፤ ያኔ ፐልፑም መጽሐፉም ከመደበቂያቸው ይወጣሉ። ሦስተኛ የአገር ውስጥ ምርት ተጨምሮ የወጪ ንግዱ ይቀነስ፤ አገሩ በእርግጥ የተጠቀመው የሚታወቀው በዚህ ነው። አራተኛ የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን አይጠቀስ፤ የሦስት ወይም የአምስት ዓመት አማካይ የ1995ን ወይም የ2022ን ዝላይ ያበርደዋል።

በዚህ መንገድ ሲነበብ የሁለቱ ጎረቤታሞች ታሪክ ይለያያል። የኬንያ ከፍተኛ መስመር ሁለት ነገር በአንድነት ይዟል፦ በወቡዬ የጠፋ ምርትና እያደገ የሄደ የማሸጊያ ኢንዱስትሪ። የመጀመሪያው ኪሳራ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሥራና የወጪ ንግድ ነው። አንዱን ለማረም ተብሎ የሚጣል ቀረጥ ሌላውን እንዳይመታ መጠንቀቅ የናይሮቢ የቤት ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ዝቅተኛ መስመር ደግሞ ከፊሉ የልማድ ነው፣ ማለትም የወፍጮ ቤትና የፕላስቲክ ከረጢት፤ ከፊሉ በውጭ የታተመ መጽሐፍ ነው፤ ትልቁ ክፍል ግን ያልተሟላ ፍላጎት ነው። የዶላር ወረፋው ከ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ሲላላ የወረቀት ገቢ በቶን ቢጨምር እንደ ፖሊሲ ውድቀት መታየት የለበትም። ብዙ ሕፃን መጽሐፍ ለሁለትና ለሦስት በሚጋራበት አገር የወረቀት ገቢ መጨመር መጀመሪያ የሚያመለክተው መጽሐፍ መድረሱን ነው።

ተኪ ምርት የሚባለው ግብም በዚሁ ይለካ። ትክክለኛው ጥያቄ «ገቢው በስንት ሚሊዮን ዶላር ቀነሰ?» ከሚለው ይልቅ «አንድ ደብተር ለተማሪው በስንት ብር ደረሰው? ከዚያ ዋጋ ውስጥስ ስንቱ አገር ውስጥ ቀረ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ማዕከላዊ ባንክ በአንድ መመሪያ ሊያሳካው ይችላል፤ ዶላር መከልከል ብቻ ይበቃል። ሁለተኛውን ለማሳካት ግን የሚሠራ ፋብሪካ፣ የሚሰበሰብ ውዳቂ ወረቀት፣ ከመጽሐፉ ጋር የተመጣጠነ የወረቀት ቀረጥና በሰዓቱ የሚከፈት ኤልሲ ያስፈልጋል።